ከብጣሽ ጨርቅ የልጆች ኩዊልት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የተረፈ ጨርቅ ያላችሁ ለታመሙና ከቤታቸው ለተለዩ ልጆች ኩዊልት ብትሰፉበትስ ብለን፣ ጥያቄ ያላችሁም እንድትጽፉልን ጠይቀን ነበር። አብዛኛው ደብዳቤ የመጣው ሥራው የቆየ ልማድ ከሆነበት ከአሜሪካ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ከአገር ቤት። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው ብርድ ልብስ ነው፦ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ መሃል የሚገባ ሙሌት፣ ከሥር ደግሞ ገበር። ሦስቱም ባንድነት ይሰፋሉ። ልኩን በሴንቲሜትር ሰጥተናል፤ በኢንች የተጠቀምነው ስለ አሜሪካ ንድፎች ስናወራ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ልብስ ስለምሰፋ ሁለት ከረጢት ሙሉ ብጣሽ ተጠራቅሞብኛል። አንድ የልጅ ብርድ ልብስ ጀምሬ እናቴ አይታው «ይኼ ድሪቶ ለታመመ ልጅ ይሰጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዝብርቅርቅ ብሏል። ሁሉም ጨርቅ የተለያየ ሆኖ እንዴት ያምራል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዝብርቅርቅ የሚያስመስለው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ማጣቱ ነው። ከፊቱ ግማሹን በአንድ ወጥ ፈዛዛ ጨርቅ ይሥሩት፤ በቀረው ግማሽ ያሻዎትን ቢቀላቅሉ ሥርዓት ይይዛል።

ለጀማሪ የምንመርጠው ልክ ይህ ነው። ጨርቁን 11.5 በ11.5 ሴንቲሜትር ካሬ አድርገው ይቁረጡ። በየጎኑ 7.5 ሚሊሜትር ለስፌት ሲገባ እያንዳንዱ ካሬ 10 ሴንቲሜትር ሆኖ ይቀራል። ወደ ጎን 9፣ ወደ ታች 11 ሲደረደር 99 ካሬ ይፈጃል፤ የሚወጣውም 90 በ110 ነው። ከ99ኙ 50ው ደማቅ፣ 49ኙ ፈዛዛ ይሁኑ። እንደ ዳማ ሰሌዳ ሲፈራረቁ አራቱም ማዕዘን ላይ ደማቅ ያርፋል። ለፈዛዛው ወርዱ 110 የሆነ 75 ሴንቲሜትር ነጭ ወይም ክሬም ፖፕሊን ይበቃል። የሚገዙት እሱን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ደማቁ ከከረጢትዎ ይወጣል።

የትኛው ደማቅ፣ የትኛው ፈዛዛ እንደሆነ በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ቀይና አረንጓዴ እጅግ የተለያዩ ይመስላሉ፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲታዩ ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። ካሬዎቹን መሬት ላይ ደርድረው በስልክዎ በጥቁርና ነጭ ያንሷቸው። ዳማው በፎቶው ላይ ከጠፋ፣ የጠፋበትን ቦታ ካሬ ይለውጡ። ባለ ትልልቅ አበባ ጨርቅ ደማቁንም ፈዛዛውንም ስለያዘ ብዙውን ጊዜ ዳማውን የሚያበላሸው እሱ ነው።

ስለ ከረጢቶቹ ደግሞ፣ ብጣሹን እንዳለ አያከማቹ፤ እጅዎ በገባ ጊዜ በሦስት ልክ ቆርጠው ይለዩት። ትልቁን በ11.5 ካሬ፤ ከዚያ የሚያንሰውን በ6.5 ካሬ፤ ቀጭንና ረጅሙን ወርዱ 6.5፣ ርዝመቱ 11.5 አድርገው። ሁለቱ ቀጫጭኖች ጎን ለጎን ሲሰፉ፣ ወይም አራቱ ትንንሽ ካሬዎች ሲገጣጠሙ፣ ትክክል 11.5 ይሆናሉ። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ኩዊልት ውስጥ ያለ ችግር ይገባሉ። ከ6.5 በታች ለሆነው እንደ ክር የቀጠነ ብጣሽ 12.5 ሴንቲሜትር ካሬ ስስ ወረቀት ይቁረጡ፤ ብጣሹን በላዩ ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እያከታተሉ ይስፉ፤ በመጨረሻ 11.5 አድርገው ይከርክሙት። የስፌቱን እርምጃ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ካሳጠሩት ወረቀቱ በቀላሉ ይቀደዳል። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ፈዛዛውን ጨርቅ ያቆሽሻል።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ነፃ ንድፍ አትሜ ስቆርጥ፣ ንድፉ 5 ኢንች ያለው የእኔ ላይ ከዚያ ያነሰ ሆነ። የማላውቀው ቃልም በዛብኝ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ያሳነሰው የአታሚው ቅንብር ነው። ሲታዘዝ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለው ከተመረጠ ንድፉን ጥቂት ያኮማትረዋል። «100 በመቶ» ወይም «ትክክለኛ መጠን» የሚለውን ይምረጡ። ደህና ንድፍ ላይ ሁሌ አንዲት መሞከሪያ ካሬ አለች፤ ብዙ ጊዜ 1 ኢንች ናት። ከመቁረጥዎ በፊት በማስመሪያ ይለኳት፤ 2.54 ሴንቲሜትር ካልሞላች ወረቀቱን ይጣሉት። በአውሮፓ ኤ4 ወረቀት ላይ የአሜሪካን ንድፍ የሚያትሙም ይህ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ኤ4 ከአሜሪካው ሌተር ወረቀት ወርዱ ይጠባል።

ቃላቱን በአጭሩ፦ «ፊኒሽድ» ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ያለው ልክ ነው፤ «አንፊኒሽድ» ወይም «ከት» ደግሞ የሚቆረጠው። በአሜሪካ የስፌት ትርፍ ሩብ ኢንች ስለሆነ በሁለቱ መካከል ግማሽ ኢንች ይኖራል። ይህን ማደባለቅ ከሁሉም በላይ ጨርቅ ያስበላል። «ፋት ኳርተር» 18 በ22 ኢንች ቁራጭ፣ «ቻርም» 5 ኢንች ካሬ፣ «ጄሊ ሮል» ወርዳቸው 2.5 ኢንች የሆኑ ረጃጅም ቁራጮች ጥቅል ነው። ያርድ 91.44 ሴንቲሜትር ነው። ንድፉ የጨርቁን ወርድ 42 ኢንች ቢልም፣ ዳርና ዳሩ ያለው ጠንካራ ጠርዝ ሲወጣ 40 ብቻ ይቀራል ብለው ያስሉ።

በኢንች የተሠራ ንድፍ በኢንች ይቆረጥ። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱን ጎን 6፣ ሌላውን 7 ካደረጉት መጨረሻ ላይ አይገጥምም።

ነፃ ንድፍ ማለት እንደፈለጉ ያባዙት ማለት አይደለም። ሰፍተው ለበጎ አድራጎት መስጠት ብዙዎቹ ንድፍ አውጪዎች የሚፈልጉት ነገር ነው፤ ወረቀቱን አባዝቶ ማደል ግን ሌላ ነው። ለጓደኛዎ የወሰዱበትን አድራሻ ይስጧት። ከላይ እንዳሳየነው ዓይነት ተራ ካሬ፣ ናይን ፓች (ዘጠኝ ካሬ ሦስት በሦስት የሚደረደርበት) ወይም ሎግ ካቢን (በመሃል ካሬ ዙሪያ ቀጫጭን ቁራጭ የሚዞርበት) ጥንታዊ ቅርጾች ስለሆኑ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጨርሻለሁ። ለማን ነው የምሰጠው? ዝም ብዬ ሆስፒታል ወስጄ ልስጥ? (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል አይሂዱ፤ ብዙዎቹ ያልታወቀ ጨርቅ ከመንገድ አይቀበሉም። ዕድለኛ ነዎት፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮጀክት ላይነስ መነሻው እዚያው ኮሎራዶ ነው። በየአካባቢው ባሉት ቅርንጫፎቹ በኩል አዲስ በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ ሰብስቦ በሕመም ወይም በሌላ ችግር ላይ ላሉ ልጆች ያደርሳል። የቅርብ ቅርንጫፍዎን አግኝተው ቀጣዩን ከመስፋትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አሁን የትኛው ዕድሜ ነው ያነሰው? ምን ልክ ይፈልጋሉ? ታጥቦ ነው የሚቀርበው ወይስ እነሱ ያጥቡታል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋናው ነው። ሁሉም ሰው ለሕፃን ሮዝና ሰማያዊ መስፋት ይወዳል፤ የ14 ዓመት ልጅም ሆስፒታል እንደሚተኛ ይረሳል። ለእሱ 120 በ150 አካባቢ ያድርጉ፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ አሻንጉሊት የሌለበት ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጥ ልጅ ግን ትልቅ አይሁን፤ ጎማው ውስጥ ይገባል።

ስለ ሕፃናት አንድ ጥንቃቄ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ12 ወር በታች የሆነ ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስም ሆነ ሌላ ለስላሳ ነገር እንዳይደረግ ያሳስባል፤ ትንፋሽ ሊያፍን ይችላልና። ለሕፃን የሚሰፋው ኩዊልት መሬት ላይ ነቅቶ እንዲጫወትበት ነው፤ መለያው ላይም ይህንኑ መጻፍ ይገባል። አዝራር፣ ዶቃ፣ ሪባን በየትኛውም ዕድሜ አይደረግበት።

ጥያቄ፦ ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ሸማና ጥለት አለኝ። ኩዊልት ላይ ይሆናል? ገበያ ላይ ካለው ሁሉ እሱ ያምረኛል። (ከሲያትል)

መልስ፦ ይሆናል፤ እንደ ፖፕሊን ቆጥረው ከቆረጡት ግን በመጀመሪያው እጥበት ያሳፍርዎታል። ሸማ ድሩና ማጉ ላላ ብሎ ስለሚሠራ ሁለት ጠባይ አለው፦ ይተረተራል፣ ይሰበሰባል። መሰብሰቡን ለማስቀረት ከመቁረጥ በፊት በሙቅ ውኃ አጥበው በማድረቂያ ማሽን ያድርቁት። የልጁ ቤተሰብ የሚያደርጉት እንደዚያ ነውና አሁኑኑ ይሰብሰብ። እንዳይተረተር ደግሞ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ይለጥፉበት፤ መጀመሪያ ይለጠፍ፣ ከዚያ ይቆረጥ። የዚህን ኩዊልት ካሬ ሁሉ፣ ፖፕሊኑንም ጨምሮ፣ 12 ሴንቲሜትር አድርገው በ1 ሴንቲሜትር ትርፍ ይስፉ። ያው 10 ይሆናል፤ ስፌቱ ግን የሚጨብጠው ጨርቅ ያገኛል።

ጥለቱ ላይ ወርቃማ ወይም ብርማ ክር ካለበት አያስገቡት። ብዙው ፕላስቲክነት ስላለው ትኩስ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል፤ የልጅ ቆዳም ይቧጭራል። ተራው የጥጥ ጥለት ያምራል፤ ቀዩንና ጥቁሩን ግን ይፈትኑ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርበው በካውያ ይጫኑት፤ ነጩ ላይ ቀለም ከታተመ በነጭ አጠገብ አይሰፋም። ጥለት ያለበትን ካሬ መሃል መሃል ያድርጉት፤ ዳሩ ላይ ብዙ መጎተት አለ። የተረፈውን ጋቢ ሙሌት ለማድረግም ያሰቡ ጽፈውልናል። ለራስ ቤት ግሩም ነው፤ ለሆስፒታል ግን ሲረጥብ እጅግ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱ ረድፍ ብቻውን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ረድፉን ከረድፍ ጋር ስሰፋ ግን ማዕዘኖቹ አይገጥሙም። (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ሒሳቡን ይመልከቱ። ትርፉን በ1 ሚሊሜትር ቢያሰፉት ከአንድ መጋጠሚያ 2 ሚሊሜትር ይጠፋል፤ 9 ካሬ ባለው ረድፍ 8 መጋጠሚያ ስላለ ረድፉ በ16 ሚሊሜትር ያጥራል። ሁሉም ረድፍ እኩል ቢያጥር ግድ የለም፤ የሚያስቸግረው አንዱን ጠዋት በጥንቃቄ፣ ሌላውን ማታ በድካም ሲሰፉት ነው። መርፌውን አውርደው ከጫፉ እስከ 7.5 ሚሊሜትር ይለኩና በስፌት መኪናው ብረት ላይ ወፍራም ፕላስተር ይለጥፉ፤ ጨርቁ እሱን ተደግፎ ይሂድ። ከዚያ ሦስት ካሬ ሰፍተው፣ በካውያ ተጭነው ይለኩ፤ 31.5 ሴንቲሜትር መምጣት አለበት። 31.2 ከመጣ ፕላስተሩ ትንሽ ወደ መርፌው ይጠጋ።

ሁለተኛው ምክንያት ካውያው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ መጋጠሚያዎች ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ሁሉ ወደ ግራ አጣጥፈው ይጫኑ። ረድፎቹ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱ እጥፎች ይቆላለፋሉ፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። እዚያ ላይ ስፒል ይውጉ። ካውያውን ደግሞ አንስተው ያስቀምጡ እንጂ አይግፉት፤ ሲገፋ ካሬው ይለጠጣል።

ካርቶን ቅርጽ ይዘው በእርሳስ እየከበቡ የሚቆርጡ ከሆነም እሱን ይጠርጥሩ። የካርቶን ጠርዝ እየተበላ ስለሚሄድ መጀመሪያ የቆረጡትና መጨረሻ የቆረጡት አይተካከሉም። ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ፊቱ አምሮ አለቀ። ሦስቱን ደርቤ ስሰፋ ገበሩ ተጨማደደ፣ ከሥር ያለው ክርም ተንጨባረረ። የስፌት መኪናዬ ተራ የቤት ነው። (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ገበሩ የሚጨማደደው ከታች ያለው ጥርስ ገበሩን ወደፊት ሲስብ፣ ከላይ የሚጫነው እግር ደግሞ ፊቱን ወደኋላ ስለሚይዝ ነው። «ዎኪንግ ፉት» የሚባለው እግር ሁለቱን እኩል ያራምዳል፤ ብዙ መስፋት ካሰቡ መጀመሪያ የሚገዙት እሱን ይሁን። እስከዚያው አደራረቡ ላይ ጊዜ ይስጡ። ገበሩንም ሙሌቱንም በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር አስበልጠው 100 በ120 ይቁረጡ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርገው ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ዳርና ዳሩን በፕላስተር ይወጥሩት፤ ቀጥ ይበል እንጂ እንደ ከበሮ አይወጠር፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ሲለቀቅ ይሰበሰባል። ሙሌቱን፣ ከዚያ ፊቱን ይደርቡና በየ10 ሴንቲሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ይስፉ። የስፌቱ እርምጃ 3 ሚሊሜትር፣ መርፌው ቁጥር 90 ይሁን፤ የእግሩን ጫና የሚያላላ ብሎን ካለ ጥቂት ያላሉት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ካሬዎቹን አቋርጦ የሚሄድ ስፌት ለጀማሪ ይቀላል። በመጋጠሚያው ላይ ልክ ልክ መስፋት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ መርፌው 1 ሚሊሜትር ሲስት ግን ሁሉም ሰው ያየዋል።

ክሩ ከሥር ሲንጨባረር ሰው ሁሉ የታችኛውን ይነካካል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው፤ በመወጠሪያው ሳህኖች መካከል አልገባም። እግሩን ወደ ላይ አንስተው ክሩን አውጥተው እንደገና ያስገቡት። እግሩ ወርዶ ሳለ ሳህኖቹ ስለሚጨባበጡ ክሩ በላያቸው ብቻ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ያለኝ የእግር ሲንጀር ነው። ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ብጣሽ በነፃ አገኛለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሙሌቱስ ጥጥ ይሁን? የምሰፋው ለሕፃናት ማሳደጊያ ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መኪናዎ ከብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ይሻላል፤ ቀጥ ያለ ስፌቱ እጅግ የተስተካከለ ነው። ወደኋላ የማይሰፋ ከሆነም አይጨነቁ፤ የካሬዎቹ ጫፍ በሚቀጥለው ስፌት ይያዛል። ፊቱ ሲያልቅ ብቻ ዙሪያውን ከጠርዙ 5 ሚሊሜትር ገባ ብለው አንድ ጊዜ ይዙሩት፤ የዳር መጋጠሚያዎቹ አይከፈቱም። ሦስት ድርብ ሲሰፉ ፔዳሉ እየዞረ መኪናው ከቆመ ጠፍሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ጫፉን 1 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠው መልሰው ያያይዙት። የምግብ ዘይት እንዳይቀቡት፤ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። የስፌት መኪና ዘይት ከቀቡ በኋላም መጀመሪያ በማይፈለግ ጨርቅ ላይ ይስፉ።

ብጣሹን ለመለየት ከያንዳንዱ ክር መዘው በመቆንጠጫ ይዘው፣ የውኃ ሣሕን አጠገብ አድርገው ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱ በጣት ይብናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠጠር ይተዋል። የተቀየጠው ሁለቱንም ያሳያል። ለዩኒፎርም የሚሆነው ቅይጥ ጨርቅ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም፤ አይናቁት። ከጥጥ ጋር የሚቀላቅሉት ከሆነ ግን ጥጡን በሙቅ ውኃ አስቀድመው ይጠቡ። አለበለዚያ ከእጥበት በኋላ ጥጡ ሲሰበሰብ ቅይጡ እንደነበረ ይቀርና አጠገቡ ያለው ሁሉ ይጨማደዳል። አቡጀዲ በተለይ ብዙ ይሰበሰባል፤ ለገበር ከገዙት በየጎኑ ጨምረው ይግዙ።

ልቅ ጥጥ አንመክርም። በየ5 ሴንቲሜትሩ ካልተሰፋ በእጥበት ይጠቀለልና ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ማሳደጊያ ውስጥ በእጅ እንደሚታጠብ፣ እንደሚጠመዘዝ፣ በክረምት ለመድረቅ ፀሐይ እንደማያገኝ ያስቡ። ወፍራም ሙሌት እርጥበቱን ውስጡ ይዞ ይሻግታል። አንድ ድርብ ስስ ፍሊስ ወይም ፍላኔል ይበቃል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በየ10 ሴንቲሜትሩ ቢሰፋም አይንቀሳቀስም። ብርዱ ካሳሰበዎት ሙሌቱን ከማወፈር ገበሩን ፍላኔል ያድርጉት። ስለሚጠመዘዝም የካሬዎቹ ስፌት እርምጃ ከ2 ሚሊሜትር አይብለጥ።

ጥያቄ፦ ከልብስ ፋብሪካ የሚወጣ የቲሸርት ብጣሽ አገኛለሁ። ይሰፋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብቻውን ሆኖ፣ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ገበር ካለው ይሰፋል። ያለ እሱ ግን ይለጠጣል፤ ካሬው ከመኪናው ሥር ሲወጣ ሌላ ቅርጽ ይዞ ነው። የሚጣበቀውን መግዛት ካልተቻለ ከሙሉ ቲሸርት ጨርቅ ትልልቅ ቁራጭ አውጥተው ለኩዊልቱ የሥር ገበር ይጠቀሙበት፤ ዙሪያውን ሲወጥሩ ግን እንዳይስቡት።

ጥያቄ፦ የሰንበቴ እናቶች አሥር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ መስፋት ጀምረናል። ሦስት መኪና ብቻ ነው ያለን፤ ግማሾቻችን መኪና አንነካም። ሁሉም ሥራ እንዲኖረው እንዴት እንከፋፈል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እናቶቻችን፣ ቁጥራችሁ ልክ ነው። ሁለት ሰው ይቁረጥ፣ አንድ ሰው ይደርድር፣ ሦስት ይስፉ፣ አንድ ሰው ካውያ ይያዝ። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ያለፈውን ቅዳሜ ኩዊልት በእጅ ይቋጥሩ። ካውያው ከመኪኖቹ አጠገብ ይሁን፤ ሥራው የሚጓተተው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስቱም መኪኖች ከላይ ያልነውን የሦስት ካሬ ፈተና ይለፉ፤ ሦስቱም 31.5 ካላወጡ ረድፎቹ አይጋጠሙም። በጣም የሚጠቅመው ደግሞ አንድ ኩዊልት የሚሆነውን ካሬ ቆጥሮ፣ ረድፉን በቁጥር ለይቶ በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ረድፉን በወረቀት ቁጥር አድርጋችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፤ ቅዳሜ ያልመጣች እናት በቤቷ ልትሰፋው ትችላለች።

በእጅ መቋጠር መኪና ለማይነኩ የተፈጠረ ሥራ ነው። ወፍራም የጥጥ ክርና ረጅም መርፌ ያዙ። ካሬዎቹ በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ሦስቱንም ድርብ ወግታችሁ ወደ ታች፣ 3 ሚሊሜትር ያህል አልፋችሁ ወደ ላይ አውጡት። ሁለቴ እሰሩት፤ ሁለተኛውን እስር ከመጀመሪያው በተቃራኒ አዙሩት፤ በአንድ አቅጣጫ ከታሰረ ይፈታል። ጫፉን 2 ሴንቲሜትር አስቀሩ። 90 በ110 ላይ ያሉት የውስጥ ማዕዘኖች 80 ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይቋጠር፤ በመኪና ይሰፋ። ጨቅላ ልጅ ክሩን አፉ ውስጥ ይከታል።

እንግዲህ ቅር አይበላችሁ፤ ቡናው ከስፌቱ በኋላ፣ ሌላ ክፍል ይሁን። ጥጥ የሚቆላ ቡናና የዕጣን ጭስ ይይዛል፤ ለእኛ የሚያውደው ሽታ አስም ላለበት ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ልጅ መከራ ነው። ሲያልቅ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሸግ። ከመታሸጉ በፊት ማግኔት በሁለቱም ገጽ አሳልፉበት፤ ስፒል ሳይቆጠር ከጠረጴዛው የሚነሳ ኩዊልት አይኑር።

ጥያቄ፦ ጠርዙን በእጅ ቀመቀምኩት፤ ለሙከራ ሳጥበው ሁለት ቦታ ለቀቀ። አንድ ካሬም መጋጠሚያው ላይ ተከፈተ። ልጣለው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አይጣሉት፤ ማጠብዎም ደግ አደረጉ። ለስጦታ የሚሄድ ጠርዝ በመኪና ይሠራ። ወርዱ 110 ከሆነ ጨርቅ ወርዱ 6 ሴንቲሜትር የሆነ አምስት ቁራጭ ጥብጣብ ያውጡ፤ ጫፍ ለጫፍ ሲቀጥሏቸው ስፌቱ በሰያፍ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ ከተቀጠለ አንድ ቦታ ላይ ይወፍራል። ወርዱን ለሁለት አጥፈው በካውያ ይጫኑ። ክፍቱን ጠርዝ ከኩዊልቱ ጠርዝ ጋር በገበሩ በኩል አስተካክለው በ7.5 ሚሊሜትር ይስፉ። ማዕዘን ሲደርሱ 7.5 ሚሊሜትር ሲቀር ያቁሙ፤ ጥብጣቡን ወደ ላይ አጥፈው መልሰው ወደ ታች ያውርዱና ከጫፉ ይቀጥሉ። በመጨረሻ ወደ ፊት በኩል አዙረው ከእጥፉ 2 ሚሊሜትር ገባ ብለው ይስፉት። እርስዎ የሠሩትን እጅ ስፌት ሳይፈቱ በላዩ ላይ በመኪና ቢሄዱበትም ይይዛል።

የተከፈተው መጋጠሚያ የጨርቁ ትርፍ ጠቦ፣ ወይም ጨርቁ ላልቶ የተተረተረ ነው። እንዳለ መልሰው ቢሰፉት ያው ይለቃል። ከሌላ ጨርቅ 11.5 ካሬ ይቁረጡ፤ አራቱንም ጎን 7.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አጥፈው በካውያ ይጫኑ፤ በተከፈተው ካሬ ላይ ልክ አድርገው ደርበው ዙሪያውን ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር ገብተው፣ ሦስቱንም ድርብ አልፈው ይስፉ። አጠገቡ ያሉትንም መጋጠሚያዎች በጣትዎ ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትኑ፤ ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ከሆኑ እነሱም መከፈታቸው አይቀርም።